የድሮ ቼይንሶ ማደስና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቆመ የድሮ ቼይንሶ (በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ) አብዛኛውን ጊዜ የቆመው አርጅቶ አይደለም። ውስጡ የተረሳ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ዘግቶት ነው፤ ወይም በደረቀ ጎማ በኩል አየር ስቦ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደ ነዳጅና ወደ አየር የሚመለሱት ለዚህ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

“የድሮ” የሚባለው የትኛው ነው?

ቁርጥ ያለ መስመር የለም። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። የሰንሰለት ፍሬን ከሌለው፣ ብልጭታውን በፑንቲና (እየተገናኙ በሚለያዩ ሁለት የብረት ጫፎች) የሚሰጥ ከሆነና አካሉ ከማግኒዥየም ከተሠራ የድሮ ነው። በዓመት ሲቆጠር ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ ያሉት ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሌላ ዓለም ናቸው። አንድሪያስ ስቲል በ1926 ጀርመን ውስጥ የሠራው መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚይዘው ነበር። በዓመቱ ኤሚል ሌርፕ የራሱን የቤንዚን መጋዝ ቱሪንጊያ ባለው የዶልማር ተራራ ላይ ሞከረ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት መጋዝ በብዛት የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ማካላክ 3-25 በ1949፣ የስቲል ቢኤል ደግሞ በ1950 ወጡ። በ1959 ስቲል ኮንትራን፣ ሁስክቫርና የመጀመሪያ ቼይንሶውን 90ን አመጡ። በ1963 የወጣው ሆምላይት ኤክስኤል-12 ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) እና ያለ ሰንሰለት 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ግድም ነበር። ለጀማሪ የምመክረው እንደዚህ ያሉትን የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ነው። በብዛት ስለተመረቱ መለዋወጫቸው ይገኛል።

ለዓመታት የቆመ መጋዝ አገኘሁ። ገመዱን ስቤ ልሞክረው?

ኧረ ቆዩ፣ አትሳቡ! ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት፣ አቧራ ወይም የነፍሳት ጎጆ ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መሳብ ደህና የነበረውን ፒስተን ሊጭረው ይችላል።

መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱ። ቀጥሎ ማርሚታውን አንሱ። ማርሚታው ሲነሳ የጭስ መውጫው ቀዳዳ ይከፈትና ፒስተኑ ፊት ለፊት ይታያል። ባትሪ አብሩበት። ገመዱን በቀስታ እየጎተታችሁ ፒስተኑን ከላይ እስከ ታች እዩት። ደህና ፒስተን ለስላሳ ነው፤ ፋብሪካ ሲላግ የቀሩት ቀጫጭን አግድም መስመሮች እንኳ ሊታዩበት ይችላሉ። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ካያችሁ ግን ያ ሞተር ወይ ዘይት፣ ወይ ነዳጅ አንሶት ነክሶ (ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ይዞት) ያውቃል፤ አለዚያ ቆሻሻ ገብቶበታል። ፋሻውን፣ ማለትም ፒስተኑን የከበበውን ቀለበት፣ በእንጨት ጫፍ ጫን በሉት። ገባ ብሎ ከተመለሰ ነጻ ነው። ካልተንቀሳቀሰ በጥላሸት ተጣብቋል፤ ሲሊንደሩ ወልቆ መጽዳት አለበት።

ይህ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መጋዙ መታደስ ይገባዋል ወይስ የመለዋወጫ ምንጭ ይሁን የሚለው ግን እዚሁ ላይ ይለያል። ልትገዙ ከሆነም ሻጩን “ማርሚታውን ልክፈተው?” ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ዋጋውን እንደ መለዋወጫ ቁጠሩት።

ሞተሩ ጭራሽ የማይዞር ከሆነ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ለቀናት ተዉት። በጉልበት አትታገሉት።

ኮምፕረሽኑ ስንት መሆን አለበት?

ኮምፕረሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። የግፊት መለኪያውን በካንዴላው ቦታ እሰሩ። ጋዙን እስከ መጨረሻ ይዛችሁ፣ ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም ገመዱን ሳቡ። 150 ፒኤስአይ አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። 120 ላይ ያለ ብዙ ይሠራል። ወደ 90 ከወረደ ለመነሳት ያስቸግራል። አንዳንድ የ1950ዎቹ ሞተሮች ከመጀመሪያውም ዝቅተኛ ኮምፕረሽን ስላላቸው፣ የሞዴሉን ማኑዋል ሳታዩ አትፍረዱ። ኮምፕረሽን መልቀቂያ ቁልፍ ካለውም መዘጋቱን አረጋግጡ።

ብልጭታ የለውም። ቦቢናው ተቃጥሎ ነው?

ብልጭታውን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ፣ ቦቢናው፣ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ፑንቲናውን እዩ። ፑንቲናው አብዛኛውን ጊዜ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ክፍል) ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ለዓመታት ሲቆም ሁለቱ ጫፎች ላይ ዓይን የማይለየው ስስ ዝገት ይይዛቸዋል። ያ ብቻ ብልጭታውን ያጠፋዋል። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መሃላቸው አስገብታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት በአልኮል አርሳችሁ ደግማችሁ ጎትቱ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ ከቀረ እሱም ያቋርጣል። ጫፎቹ በሰፊው ሲከፈቱ ክፍተታቸው በብዙ ሞዴሎች 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ያ ካልሠራ ኮንደንሰሩን፣ ከዚያ ሽቦዎቹን ተከታተሉ። የማጥፊያው ሽቦ ልባሱ ተልጦ አካሉን ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ “እንደጠፋ” ነው። በቦቢናውና በቮላኖው መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ ቢዝነስ ካርድ መሃላቸው አስገብቶ ማሰር የተለመደ ዘዴ ነው። ቮላኖውን ከኮሎው (ፒስተኑ ከሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ) ጋር የምታያይዘዋን ትንሽ ሽብልቅ ብረትም አትርሱ። እሷ ከተቆረጠች ብልጭታው እያለ ሰዓቱን ይስታል። ሞተሩ ገመዱን ከእጃችሁ ይመነጭቃል፣ ወይም ወደ ኋላ ይተኩሳል።

ለፑንቲና ምትክ የሚሆኑ ትንንሽ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ይሸጣሉ። ለሚሠራበት መጋዝ አልቃወምም። ለሚሰበሰብ መጋዝ ግን ፑንቲናውን ባቆየው ይሻለኛል፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ካርቡሬተሩን እንዴት ነው የማድሰው?

አብዛኞቹ የድሮ ቼይንሶዎች የሚጠቀሙት ዲያፍራም ያለው ካርቡሬተር ነው። ቲሎትሰን ኤችኤል የሚባለው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ፋብሪካዎች የተጠቀሙበት ነው። ዲያፍራሙ ስስና ተጣጣፊ ሽፋን ነው። ሞተሩ ሲስብ ይሰረጉድና ትንሿን ማንሻ ይጫናል፤ ማንሻዋ መርፌውን ታነሳለች፤ ነዳጅ ይገባል። መጋዙ ተገልብጦም ተጋድሞም የሚሠራው ተንሳፋፊ ስለሌለው ነው።

ስትከፍቱት ዲያፍራሙን በጣት ንኩት። ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ደረቀ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ አልቆለታል፤ መርፌውን ማንሳት አይችልም። የጥገና ኪቱ ዲያፍራም፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ) እና መርፌ ይዞ ይመጣል። ሁሉንም ቀይሩ። አንዱን አሮጌ ትቶ መመለስ ደግሞ እንድትከፍቱት ያደርጋችኋል።

ማጽዳቱ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የነዳጅ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ሽቦ አታስገቡባቸው፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጫችሁ በግፊት አየር ንፉ። በአንደኛው ቀዳዳ የረጫችሁት በሌላው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ሲረጭ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ መነጽር አድርጉ። መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አትርሷት። ብዙ ጊዜ ችግሩ በሙሉ እሷ ላይ ይገኛል።

የማንሻዋ ቁመት ወሳኝ ነው። ከፍ ካለች ነዳጅ ያጥለቀልቃል፤ ዝቅ ካለች ሞተሩ ይራባል። በብዙ የቲሎትሰን ኤችኤል ሞዴሎች ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል ትሆናለች፤ የእናንተን ሞዴል ግን ከማኑዋሉ አረጋግጡ።

የነዳጅ ቱቦውንና ታንኩ ውስጥ ያለውን ፊልትሮም አብራችሁ ቀይሩ። ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ መሆን አለበት። የውኃ ቱቦ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል ወይም ይቀልጣል።

ቤንዚንና ዘይት ስንት ለስንት ልቀላቅል?

ታንኩ ላይ 16 ለ1 ወይም 20 ለ1 ተብሎ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። ያ የተጻፈው ለዚያ ዘመን ዘይት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚጨምረው ተራ የሞተር ዘይት ነበር። ዛሬ ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ከተጠቀማችሁ ያን ያህል አያስፈልግም። ብዙ የድሮ መጋዝ አዳሾች በ32 ለ1 ይሠራሉ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊሊትር ገደማ ነው። እኔም እሱን እመርጣለሁ። 50 ለ1፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊሊትር፣ የዘመኑ መጋዞች መጠን ነው። ለድሮ ኩሽኔታ (ዘንጉ ለሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ግን ዘይቱ ትንሽ በዛ ቢል ይሻላል። ጭሱ ቢጨምርም ሞተሩን አይገድልም።

የቅልቅሉን መጠን ከቀየራችሁ ካርቡሬተሩን እንደገና አስተካክሉ። ዘይት ሲበዛ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሞተሩ ሳስቶ ሊሄድ ይችላል።

ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ለድሮ ጎማ ጠላት ነው። ውኃ ይስባል፣ ቱቦና ዲያፍራም ያጠነክራል። ኤታኖል የሌለው ከተገኘ እሱን ተጠቀሙ፤ ካልተገኘ ሥራ ስትጨርሱ ታንኩን ባዶ አድርጉ።

ይነሳል፤ ግን ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጋዙን ስለቀው እየጮኸ ይቆያል። ካርቡሬተሩ ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ብዙ ደህና መጋዝ የሚሞተው በዚህ ምልክት ነው። ጋዙ ከተለቀቀ በኋላ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ሞተሩ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። አየር ሲበዛ ነዳጁ ይሳሳል። በሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። የሚያሳዝነው፣ ሊነክስ ሲቃረብ ድምፁ የጠራና ኃይለኛ መስሎ ይሰማል። “እንዴት ያለ መጋዝ!” እያላችሁ ትገድሉታላችሁ።

ብዙ ሰው የካርቡሬተሩን ብሎን ከፍቶ ነዳጅ በመጨመር ይሸፍነዋል። ለጊዜው ይሠራል። አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ግን አለ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋል።

ትክክለኛው ምርመራ የግፊት ሙከራ ነው። የጭስ መውጫውንና የካርቡሬተሩን ቦታ በጎማ ቁራጭ ዝጉ። በካንዴላው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር ገደማ አየር አስገቡ። የፓምፑ መለኪያ ቀስት ከወረደ በሳሙና ውኃ እየቀባችሁ አረፋ ፈልጉ። የሚጠረጠሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ በኮሎው ሁለት ጎን ያሉት ኦይል ሲሎች (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች)፣ ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ። ከዚያ ሙከራውን አየር በመሳብ ድገሙት። የኦይል ሲል ከንፈር በግፊት ጊዜ ኮሎው ላይ ይጣበቃል፤ ሲሳብ ግን ይለቃል። በአንዱ ያለፈ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ኦይል ሲልና ኩሽኔታ ለመፈለግ የመጋዙን ስም ማወቅ ግድ አይደለም። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ለክታችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ቤት ብትሄዱ ብዙዎቹ መደበኛ መጠን ናቸው።

ካርቡሬተሩን በድምፅ ማስተካከል የሚሉት ምንድን ነው?

አየር አለመሳቡን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው ይህ የሚመጣው። ኤል (የዝቅተኛ ዙር) እና ኤች (የከፍተኛ ዙር) የተባሉትን ሁለት የነዳጅ ብሎኖች ቀስ አድርጋችሁ እስኪነኩ ዝጉ፤ አታጥብቁ፣ ጫፋቸው ይጎዳል። ከዚያ እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ክፈቱ። ለመነሻ ያህል ይበቃል።

ሞተሩን አሙቁ። ኤልን ጋዝ ሲሰጠው ሳያመነታ እስኪነሳ አስተካክሉ። ሚኒሞው ላይ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ኤችን ለመስማት ያለ እንጨት ለአፍታ ሙሉ ጋዝ ስጡት። ትንሽ እየተንተባተበ፣ ድምፁ ሻካራ ሆኖ መሄድ አለበት። እንጨት ውስጥ ስታስገቡት ያ መንተባተብ ይጠፋና ይጠራል፤ ስታወጡት ይመለሳል። ትክክሉ እዚያ ላይ ነው። በባዶ ሲሮጥ የጠራ ፉጨት ከሆነ ሳስቷል፤ ኤችን ክፈቱት። የዘመኑ መጋዝ ከ13,000 ዙር በላይ ይሮጣል። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ግን አብዛኞቹ ከ10,000 በታች እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው፤ እንደ አዲሱ እንዲጮኹ አትጠብቁ።

የተጫረ ሲሊንደር ይድናል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ሲሊንደሩ ላይ የሚታየው “ጭረት” አንዳንዴ ጭረት ሳይሆን ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አልሙኒየም ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ከምን እንደሆነ እወቁ። የብረት ሸሚዝ ያለው ከሆነ መሞረድ ይቻላል። ውስጡ ክሮም የተለበጠ ከሆነ ግን ልባሱ ስስ ነው፤ የተለጠፈውን አልሙኒየም ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ አንሱ። አንዳንዶች አሲድ ይጠቀማሉ። ልባሱ የተላጠበት ቦታ ካለ አሲዱ ከሥሩ ያለውን አልሙኒየም ይበላዋል፤ ለዚህ አልመክረውም። ሲያልቅ ጥፍራችሁን አሂዱበት። ካልያዛችሁ ደህና ነው። ፒስተኑንና ፋሻውን ቀይሩ።

ፍሪሲዮኑ አልፈታ አለኝ።

የሞተሩን ዙር ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን በብዙ ሞዴሎች የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፣ ግራ ጥርስ ስለሆነ። ቀስት የተቀረጸበት ካለ እሱን ተከተሉ። ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ የናይለን ገመድ አስገቡ። ገመዱን የምታስገቡት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የጭስ መውጫውን ከዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ካስገባችሁት በቀዳዳው ወጥቶ ይቆረጣል፣ ፋሻም ሊሰብር ይችላል። ቮላኖውን በካቻቢቴ ደግፎ መያዝ ግን ክንፎቹን መስበር ነው።

ማግኒዥየም ውስጥ የዛገ ብሎን ሲሆን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ ጊዜና ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። በእሳት አታሙቁት። የማግኒዥየም ብናኝ ይነዳል፤ ከነደደም ውኃ ያባብሰዋል፤ የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው።

ቀለም ልቀባው?

ቀለሙ ከግማሽ በላይ ካለ እባካችሁ ተዉት። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። የፋብሪካው ጽሑፍና ተለጣፊ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። የተላጠና የነጣ ማግኒዥየም ከሆነ ግን ቀለም መከላከያውም ስለሆነ ቀቡት። ቤንዚን የማያስለቅቀው ቀለም ይሁን፤ ተራ የቆርቆሮ ርጭት የመጀመሪያዋ የነዳጅ ጠብታ ስትነካው ይሟሟል። ዝገት ለማስለቀቅ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ ማግኒዥየም ላይ አታፍስሱ፤ ብረቱን ይበላዋል።

የድሮ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፋቁ፤ አርጥባችሁ አንሱት።

ሰንሰለቱንና ባሩን ከየት አገኛለሁ?

አዲስ ስለሚመረት ችግር የለም፤ ልኩን ማወቅ ነው ዋናው። ከጆሴፍ በፎርድ ኮክስ ወዲህ የሰንሰለት መሠረታዊ ቅርጽ ብዙም አልተለወጠም። ኮክስ በ1946 የግንድ ትል እንጨት ሲቦረቡር አይቶ ነው ጠመዝማዛ ጥርስ ያለውን ሰንሰለት የፈጠረው።

ፒቹን፣ ማለትም የሰንሰለቱን የቀለበት ልክ፣ ለማወቅ ሦስት ተከታታይ ሪቬቶችን (ቀለበቶቹን የሚያያይዙ ሚስማሮች) ከመጀመሪያው መሃል እስከ ሦስተኛው መሃል ለኩና ለሁለት አካፍሉ። የድሮዎቹ ትልልቆች ብዙ ጊዜ .404 ኢንች ናቸው። 7/16 እና 1/2 ኢንችም ያጋጥማል፤ እነዚህ ግን ማግኘቱ ይከብዳል። የመጋዙን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርሳም ክፍል) በ3/8 ወይም በ.404 ቀይሮ አዲስ ባርና ሰንሰለት ማሰር ያዋጣል። ሞረዱ ለ.404 5.5 ሚሊሜትር፣ ለ.325 ደግሞ 4.8 ሚሊሜትር ነው።

ባሩን በየጊዜው ገልብጡት፣ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይበላ። ብዙ የድሮ መጋዞች የሰንሰለት ዘይት የሚሰጡት በአውራ ጣት በሚጫን ፓምፕ ነው። ስትቆርጡ በየጥቂት ሰከንዱ መጫንን ልመዱ። ሰንሰለት ሲደርቅ ከሁሉ ቀድሞ ባሩ ይበላል።

በታደሰው መጋዝ ሥራ ልሥራበት?

ይቻላል፣ ግን ምን እንደጎደለው አውቃችሁ። የሰንሰለት ፍሬን የለውም። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ይወረወራል፤ ከሰው እጅ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ለመመልመልም ሆነ ከትከሻ በላይ ለመቁረጥ አልመክረውም። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ፣ በቂ ቦታ ይዞ፣ በሁለት እጅ ሲቆረጥ ጥሩ ነው። ሰንሰለቱን የሚያቆም ሱሪ፣ የራስ ቁር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጉ።

ንዝረቱም ቀላል አይደለም። መያዣው በጎማ ያልተለየ መጋዝ ለረጅም ጊዜ ከተያዘ ጣት ያደነዝዛል፣ የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። አጠር አጠር እያደረጋችሁ ሥሩ።

ከሥራ በኋላ እንዴት ላስቀምጠው?

ታንኩን አፍስሱ። አስነሱና በካርቡሬተሩ የቀረውን እስኪጨርስ ይሥራ፤ ጋዝ ሳትሰጡት፣ በሚኒሞ ብቻ። የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፣ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ በእንጨት ጫፍ አውጡ። ሰንሰለቱን አላሉት። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ካንዴላውን ፈትታችሁ ጥቂት የሁለት ምት ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ በቀስታ ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱ። በመጨረሻ ገመዱን እስኪከብድ ድረስ ብቻ ጎትታችሁ ተዉት። ያኔ ፒስተኑ የጭስ መውጫውን ዘግቶ ይቆማል፤ እርጥብ አየርም በዚያ በኩል አይገባም።